የማያስረሳው የመርሳት በሽታ

«የመርሳት በሽታ» ሲባል ሁላችንም ዓይን ላይ የሚመጣው አንድ ሰው ነው። ያንኑ ጥያቄ አሥር ጊዜ የሚጠይቁ አዛውንት። በልተው እጃቸውን ከመታጠባቸው «እስካሁን ምንም አልቀመስኩም» የሚሉ። የልጃቸውን ስም ከወንድማቸው ስም የሚያምታቱ። በአማርኛ የሰጠነው ስም ምልክቱን ራሱ ነግሮን ስለሚጨርስ ሌላ ነገር መፈለግ አያምረንም። ሰው ካልረሳ በሽታው የለበትም። አለቀ።

አላለቀም። የመርሳት በሽታ የምንለው አልዛይመር ይዟቸው የማይረሱ ሰዎች አሉ። የትናንቱን ወሬ ከነዝርዝሩ ይነግሯችኋል። ቀጠሮ አያመልጣቸውም። የልጆቻቸውን ስልክ ቁጥር በቃላቸው ይወጡታል። ፊታቸው የተቀመጠውን ብርጭቆ ግን ማግኘት ያቅታቸዋል። ዓይናቸው ተመርምሮ «ደህና ነው» ተብሏል። እውነትም ደህና ነው። የታመመው ዓይን የላከውን ተቀብሎ ትርጉም የሚሰጠው የአንጎል ክፍል ነው።

ይህ ዓይነቱ ሕመም ፖስቴሪየር ኮርቲካል አትሮፊ ይባላል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሲፈታ ቀላል ነው፦ የአንጎል የኋለኛው ክፍል ቅርፊት መሟሸሽ ማለት ነው። ሐኪሞች አሳጥረው ፒሲኤ ይሉታል፤ እኔም እዚህ እንደዚያው ልበለው። «የእይታ አልዛይመር» የሚሉትም አሉ። ይህኛው ስም ነገሩን ቶሎ ያስይዛል።

ልዩነቱን በአንድ የቤት ቁልፍ ላሳያችሁ።

የተለመደው አልዛይመር ያለባቸው ሰው ቁልፋቸውን እየፈለጉ ነው። የት እንዳኖሩት ጠፍቷቸዋል። መሳቢያ ይከፍታሉ፣ ኪስ ይፈትሻሉ፣ አንዳንዴም ማን ወሰደብኝ ይላሉ። ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ብታሳዩአቸው «ውይ፣ እዚህ ነው እንዴ?» ብለው ያነሡታል። ማየትም ማንሣትም ችግር የለባቸውም። የጎደላቸው «እዚህ አስቀምጬ ነበር» የሚለው መዝገብ ነው።

ፒሲኤ ያለባቸው ሰውም ያንኑ ቁልፍ እየፈለጉ ነው። የት እንዳኖሩት ግን አሳምረው ያውቃሉ። «ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ከጋዜጣው አጠገብ፣ አሁን ነው ያስቀመጥኩት» ይላሉ። ልክ ናቸው፤ እዚያው ነው። ጠረጴዛው ፊት ቆመው ያፈጣሉ። ጋዜጣው፣ መነጽሩ፣ እስክሪብቶውና ቁልፉ ተደበላልቀው አንዱ ከአንዱ አልለይ ይላቸዋል። በመጨረሻ በእጃቸው እየዳበሱ ይሄዳሉ። ጣታቸው ቁልፉን የነካ ጊዜ ወዲያው ይለዩታል።

ቤተሰብ ለሐኪም ሲናገር ግን ሁለቱንም በአንድ አፍ ነው የሚያስረዳው፦ «ቁልፍ ይጠፋባቸዋል»። ነገሩ መበላሸት የሚጀምረው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

አራት ዓመት

አንዲት የ58 ዓመት የሒሳብ ሠራተኛ እናስብ። እውነተኛ ሰው አይደሉም፤ በሽታው ብዙ ጊዜ በሚሄድበት መንገድ እንዲሄዱ የፈጠርኳቸው ናቸው።

በመጀመሪያ ያስቸገራቸው ንባብ ነው። የአንዱን መስመር ጫፍ ጨርሰው ወደሚቀጥለው ሲመለሱ ዓይናቸው ሌላ መስመር ላይ ያርፋል። መነጽር ቀየሩ። ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ ቀየሩ። ሦስተኛው መነጽርም መሳቢያ ሲገባ የዓይን ሞራ እንደጀመራቸው ተነገራቸው። በዚህ ዕድሜ ትንሽ ሞራ ቢገኝ አይገርምም። ቀዶ ሕክምናው ተሠራ፤ ተሳካም። ግድግዳ ላይ ያለውን የፊደል ሰሌዳ አንድ በአንድ እየጠሩ ወደ ታች ወረዱ። ቤት ገብተው ጋዜጣ ሲዘረጉ ግን ያው ነው።

ሥራ ላይ ቁጥሮች ከዓምዳቸው መውጣት ጀመሩ። 30 ዓመት የሠሩበትን ቅንስናሽ መቀነስ ይሳሳታሉ። መኪና ሲያቆሙ ጎኑን ከግድግዳ ያፋትጋሉ። ባለ ቀስት ሰዓት ማንበብ ድንገት እንቆቅልሽ ሆነባቸው። የሹራባቸው እጅጌ የትኛው እንደሆነ ይጠፋቸዋል፤ ጭንቅላታቸውን በክንዱ በኩል ለማስገባት ይታገላሉ። ሊቀመጡ ሲሉ ወንበሩን ግማሹን ይስቱታል። ባለቤታቸው «ምነው፣ ቀልብሽ የት ነው ያለው?» ይሏቸዋል።

ሐኪም ጋ ሄዱ። ጭንቀት ነው ተባሉ። ሌላ ሐኪም ድብርት ይሆናል አሉ። ተጨንቀው ነበር ወይ? እንዴታ! መኪናው ተፋትጎ፣ ሒሳቡ አልገጥም ብሎ፣ ዓይንዎ ጤነኛ ነው እየተባለ ማን የማይጨነቅ አለ? ጭንቀቱ እውነተኛ ነው፤ መነሻው ግን እሱ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት በ16 አገራት ከ1000 በላይ የፒሲኤ ታማሚዎችን መረጃ ሰብስቦ አይቷል። ምልክቱ የጀመረበት አማካይ ዕድሜ 59 አካባቢ ነው። ከመጀመሪያው ምልክት እስከ ምርመራው ድረስ ደግሞ በአማካይ ወደ አራት ዓመት ይጠጋል። መሳቢያው ውስጥ መነጽር የሚከማቸው በእነዚህ ዓመታት ነው።

ዕድሜው ራሱ ነገሩን ያወሳስበዋል። የተለመደው አልዛይመር በአብዛኛው ከ65 ዓመት በላይ ነው የሚጀምረው። ፒሲኤ ብዙውን ጊዜ በ50ዎቹና በ60ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከች ይላል፤ ሰው ገና በሥራ ላይ እያለ፣ መኪና እየነዳ፣ ልጅ እያስተማረ። በዚህ ዕድሜ ያለ፣ አንደበቱ የተፈታ፣ ቀልድ የሚያውቅ ሰው ፊታችሁ ተቀምጦ «አንጎሉ እየሟሸሸ ነው» ብሎ ማሰብ ለማንም ይከብዳል።

ትራሱን የሚነካው ክፍል

ለመሆኑ ማየት የሚጨርሰው የት ነው? ብርሃን በዓይን ገብቶ ሬቲና በሚባለው የዓይን የኋላ ሽፋን ላይ ያርፍና የነርቭ ምልክት ይሆናል። ምልክቱ በዓይን ነርቭ አድርጎ፣ መሀል ላይ አንድ ጣቢያ አልፎ፣ ጭንቅላትን ከፊት ወደ ኋላ ያቋርጣል። በጀርባችሁ ስትተኙ ትራሱን የሚነካው የጭንቅላታችሁ ክፍል አለ አይደል? ማረፊያው እዚያ፣ ከራስ ቅሉ በስተውስጥ ነው።

እዚያ ሲደርስ ግን ገና ሥዕል አልሆነም። መስመር፣ ጠርዝ፣ ቀለም፣ እንቅስቃሴ ነው። ከዚያ ሥራው በሁለት መንገድ ይከፈላል። አንዱ በታች በኩል በጆሮ አቅጣጫ ይሄድና «ይህ ምንድን ነው?» የሚለውን ይመልሳል፤ ፊት ነው፣ ቁልፍ ነው፣ ፊደል ነው። ሌላው በላይ በኩል ወደ አናት ይወጣና «የት ነው? በምን ያህል ርቀት? እጄን እንዴት ልላክ?» የሚለውን ይሠራል። «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» የሚለው ተረት ልብ የሚለውን በአንጎል ብንተካው የነርቭ ሳይንስ መግቢያ ይወጣዋል።

ፒሲኤ ሁለቱንም መንገድ ሊያውክ ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን ቀድሞ የሚጎዳው የላይኛው፣ «የት» የሚለው ነው።

ይህ ሲሆን ምን ይመስላል? ጠረጴዛ ላይ የውሃ ብርጭቆ አለ። ሰውየው ብርጭቆ መሆኑን ያውቃሉ፤ ውሃ እንዳለውም ያውቃሉ። እጃቸውን ይሰዳሉ። ጣቶቻቸው ከብርጭቆው ሦስት ጣት ያህል ወደ ግራ አየር ይጨብጣሉ። ቆም ይላሉ። ከዚያ መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳርፈው ቀስ እያሉ ወደ ቀኝ ያንሸራትቱታል፣ ብርጭቆውን በእጃቸው ጎን ይነኩታል፣ ይይዙታል። ቀና ብለው ማንም እንዳላያቸው ያረጋግጣሉ። ይህቺን የመጨረሻዋን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

እጅን በዓይን መምራት አለመቻልን የሃንጋሪው ሐኪም ሬጆ ባሊንት እ.ኤ.አ. በ1909 ነው የጻፈው። እሱ ያየው ሰው ሌላም ጣጣ ነበረበት፤ በአንድ ጊዜ የሚታየው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ፒሲኤም እንዲሁ ያደርጋል። የተጨናነቀ መንገድ ሥዕል ብታሳዩአቸው «ብስክሌት» ይላሉ። ሌላስ? ትንሽ ቆይተው «ዛፍ»። ብስክሌቱ ዛፉን ሊገጭ እየመጣ መሆኑ ግን አይታያቸውም። ሐኪሞች ይህን ለመፈተን አንድ ዘዴ አላቸው። በእኛ ፊደል ብንሠራው፣ ብዙ ትናንሽ «ሀ»ዎችን ደርድሮ አንድ ትልቅ «መ» ማውጣት ማለት ነው። ጤነኛ ዓይን ሁለቱንም ያያል። እነሱ «ሀ፣ ሀ፣ ሀ» ይላሉ። «መ» የለችም።

ቤተሰብን ይበልጥ ግራ የሚያጋባው ደግሞ ይህ ነው፦ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለችውን ጉንዳን የምታህል ጽሑፍ ያነባሉ፤ የጋዜጣውን ትልቅ ርዕስ ግን ማንበብ ያቅታቸዋል። «ሆን ብለው ነው እንዴ?» ያሰኛል። አይደለም። በአንድ ጊዜ አጠቃለው የሚያዩበት መስኮት ጠቧል። ትንሿ ፊደል ሙሉ በሙሉ ትገባበታለች። ትልቁ ፊደል ተቆራርጦ ይቀራል፤ እግሩ ቢታይ ራሱ አይታይም። ስለዚህ «ዓይናቸው ደክሟል» ብሎ ጽሑፍን ማጉላት አንዳንዴ ጭራሽ ያብስባቸዋል። የኛ ፊደል ደግሞ ቡን ከቢ የሚለያት አንዲት ቅጥያ መሆኗ ሳያስቸግር አይቀርም፤ ይህ የኔ ግምት ነው።

የሚያዩት ነገር ራሱ ሊያሳስታቸው ይችላል። በር ላይ የተነጠፈ ጥቁር ምንጣፍ ጉድጓድ ይመስላቸዋል። የሚያብለጨልጭ ወለል ውሃ ይሆናል። የቆመ ነገር የተንቀሳቀሰ ይመስላል። አንዳንዶች ቀይ ነገር አይተው ዓይናቸውን ካነሡ በኋላ ቀለሙ ከሚገባው በላይ ይቆይባቸዋል። አንዲት እናት በር ላይ ቆመው «አልገባም» ቢሉ፣ እልኸኝነት ሳይሆን ጉድጓድ እየታያቸው ሊሆን ይችላል።

ሒሳቡስ ከዓይን ጋር ምን አገናኘው? ጉርብትና ነው። ከእይታ ክፍሉ ፊት ለፊት፣ በግራ በኩል አናት አካባቢ፣ ቁጥር ማስላት፣ መጻፍ፣ ግራና ቀኝን መለየት፣ የእጅን ጣቶች ለይቶ መጥራት ተቀራርበው የሚሠሩበት ቦታ አለ። አንድ ላይ ሲጠፉ የጌርስትማን ሲንድሮም ይባላል። በሽታው ከኋላ ተነሥቶ ሲስፋፋ እዚህም ይደርሳል። ሒሳብ ሠራተኛዋ መቀነስ ያቃታቸው ከዚህ የተነሣ ነው።

ታዲያ አልዛይመር ነው ወይስ ሌላ በሽታ?

ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1906 ለሙያ ባልደረቦቹ ያቀረበው የአውጉስተ ዴተርን ታሪክ ነው። ፍራንክፈርት ውስጥ ሆስፒታል ስትገባ 51 ዓመቷ ነበር። አዎ፣ ዛሬ «የሽማግሌ በሽታ» የምንለው ነገር መጀመሪያ የተጻፈው በ51 ዓመት ሴት ላይ ነው። ከሞተች በኋላ አንጎሏን በማይክሮስኮፕ ሲያየው ሁለት ነገር አገኘ። ከሕዋሳቱ ውጭ እንደ ጓል የተጠራቀመ ነገር፣ ሕዋሳቱ ውስጥ ደግሞ እንደ ተተበተበ ክር ያለ ነገር። ዛሬ ጓሉ አሚሎይድ፣ ክሩ ታው የሚባሉ ፕሮቲኖች መሆናቸው ይታወቃል።

አሁን በፒሲኤ የሞተ ሰው አንጎል ሲታይ ምን ይገኛል? በአብዛኛው ያው ጓል፣ ያው ክር። ቅድም ባነሣሁት የ2024 ጥናት ከሞት በኋላ አንጎላቸው ከተመረመረ ታማሚዎች 94 በመቶው ላይ የተገኘው የአልዛይመር ለውጥ ነው። ስለዚህ ፒሲኤ በአብዛኛው አልዛይመር ራሱ ነው። የተለየው የገባበት በር ነው።

በተለመደው አልዛይመር ጉዳቱ ቀድሞ የሚታየው ሂፖካምፐስና አካባቢው ላይ ነው። ሂፖካምፐስ ከጆሮ በላይ ወደ ውስጥ የተሸሸገ፣ የዛሬን ውሎ ለነገ የሚያኖር ክፍል ነው። እሱ ሲታመም የዛሬው ውሎ አይያዝም። በፒሲኤ ይህ ክፍል በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሞላ ጎደል ይተርፋል፤ የሚሟሸሸው ከኋላና ከአናት ያለው ነው። የሚገርመው፣ አሚሎይድ በሁለቱም ዓይነት ታማሚዎች አንጎሉን በሰፊው ነው የሚያዳርሰው። የትኛው ችሎታ ቀድሞ እንደሚጠፋ የሚናገረው የታው አቀማመጥ ነው፤ ታው የተከመረበት ክፍል ሥራውን ያቆማል። ታው በአንዱ ሰው ሂፖካምፐስን፣ በሌላው የኋላውን ክፍል ለምን እንደሚመርጥ ገና በጥናት ላይ ነው።

ቀሪዎቹ ጥቂቶችስ? የሌዊ ቦዲ በሽታና ኮርቲኮባሳል የሚባል ሌላ ሕመም ተመሳሳይ ምልክት ሊያመጡ ይችላሉ። እጅግ አልፎ አልፎ ደግሞ ቅርጹ በተዛባ ፕሮቲን የሚመጣውና ቶሎ የሚገሰግሰው የፕሪዮን በሽታ ይሆናል። ፒሲኤ በዓመታት ነው የሚባባሰው። የእይታው ችግር በሳምንታት ውስጥ እየገሰገሰ ከሆነ ወይም በአንድ ቀን ድንገት ከመጣ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ሐኪም ጋ መሮጥ ነው።

ሕመሙን በስሙ የጠራው አሜሪካዊው የነርቭ ሐኪም ፍራንክ ቤንሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ከባልደረቦቹ ጋር የአምስት ታማሚዎችን ታሪክ አሳተመ። ቤንሰን ሲንድሮም የሚባለውም ለዚህ ነው። ሕዝብ ግን ስለ ፒሲኤ መስማት የጀመረው ብዙ ቆይቶ፣ እንግሊዛዊው ደራሲ ቴሪ ፕራቼት እ.ኤ.አ. በ2007 በ59 ዓመቱ በሽታው እንዳለበት ለአደባባይ ሲናገር ነው። መጀመሪያ ትንሽ ስትሮክ ሳይመታው አልቀረም ተብሎ ነበር። መተየብ አቃተው፤ ልብ ወለድ መፍጠር ግን አላቃተውም። በቃሉ እየነገረ ኮምፒውተርና ረዳቱ ይጽፉለት ነበር። እስከ 2015፣ በ66 ዓመቱ እስኪሞት፣ መጽሐፍ ማውጣቱን አላቆመም። ፊደሉ የቱ ጋ እንደሆነ የሚያሳየው የአንጎል ክፍል ሲፈርስ፣ ታሪክ የሚፈጥረው ሌላው ክፍል ቆሞ ነበር።

ድምሩ የሚደብቀው

የመርሳት በሽታ ሲጠረጠር በወረቀትና በእስክሪብቶ የሚሰጥ አጭር ፈተና አለ። ከ30 ይታረማል። ሦስት ቃል ይነገራችኋል፣ ቆይቶ ትጠየቃላችሁ። ቀኑ ስንት ነው? ከ100 ላይ ሰባት ሰባት ቀንሱ። አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። እነዚህን የተደራረቡ ቅርጾች ቅዱ።

ሁለት ሰዎች ተፈትነው ሁለቱም 22 አገኙ እንበል። የመጀመሪያው ሰው ሦስቱን ቃላት አንዷንም አላስታወሱም፣ ቀኑም ወሩም ጠፋቸው፣ ቅርጹን ግን አሳምረው ቀዱት። ሁለተኛዋ ሦስቱንም ቃላት እንደ ውሃ ጠጧቸው፣ ቀኑን ከነሰዓቱ ነገሩ፣ መቀነሱ ላይ ግን ወደቁ፣ የቀዱት ቅርጽ የተበተነ እንጨት መሰለ። ድምሩ አንድ ነው፤ የወደቁበት ቦታ ለየቅል። ድምሩን ብቻ የሚያይ ሰው ሁለቱን አንድ ፋይል ውስጥ ይከታቸዋል። «ማስታወስዎ ጥሩ ነው» ብሎ ቃላቱን ብቻ የሚያይ ሰው ደግሞ ሁለተኛዋን ወደ ቤት ይመልሳቸዋል።

እይታን ለይቶ የሚፈትን ሐኪም ወረቀት ላይ የተበተኑ ነጠብጣቦችን ያስቆጥራል፣ የተደራረቡ ሥዕሎችን ያስለያል፣ የሰዓት ሥዕል ያሠራል። ከዚያ ኤምአርአይ የሚባለው የአንጎል ምስል ይታዘዛል። እዚህም ጉድ አለ። ጥያቄው ወረቀት ላይ «ይረሳል?» ተብሎ ከተጻፈ የሁሉም ዓይን ሂፖካምፐስ ላይ ያርፋል፤ የኋላው መሟሸሽ ሊታለፍ ይችላል። «የእይታ ችግር፣ ዓይን ጤነኛ» ተብሎ ቢጻፍ ግን ምስሉን የሚያነበው ባለሙያ ወደ ኋላ ያያል። አልዛይመር መሆኑን ለማረጋገጥ የጀርባ አጥንት ፈሳሽ፣ ፔት ስካን፣ አሁን አሁን ደግሞ የደም ምርመራም አለ።

መድኃኒቱ ላይ ብዙ አልቆይም። የሚያድን የለም። ለተለመደው አልዛይመር የሚታዘዙት እንደ ዶኔፔዚል ያሉት ለፒሲኤም ይታዘዛሉ፤ አንዳንዱን ትንሽ ይረዱታል። አሚሎይድን የሚጠርጉት አዳዲሶቹ መድኃኒቶች፣ በአሜሪካ በ2023 ሙሉ ፈቃድ ያገኘው ሌካኔማብና በ2024 የተከተለው ዶናኔማብ፣ የበሽታውን ፍጥነት በመጠኑ ይቀንሳሉ። ለሙከራው የተመለመሉት ግን በዋናነት የማስታወስ ችግር ያለባቸው ናቸው። የፒሲኤ ታማሚዎች እዚህም በር ላይ ቀርተዋል።

የሚያውቅ ሰው

ብርጭቆውን ካገኙ በኋላ ቀና ብለው ማንም እንዳላያቸው ያረጋገጡትን ሰው ታስታውሳላችሁ? ትልቁ ልዩነት እሱ ይመስለኛል።

በተለመደው አልዛይመር ሰው ብዙ ጊዜ መርሳቱን ራሱ ይረሳል። «ምንም አልሆንኩም» ይላል፤ የሚጨነቀው ቤተሰቡ ነው። ፒሲኤ ያለበት ሰው ግን ለረጅም ጊዜ ምን እየሆነ እንዳለ ያውቃል። ትናንት ምን እንደደፋ ያስታውሳል። ነገ ምን ሊደፋ እንደሚችል ያስባል። ሰው ቤት መሄድ ይተዋል። ማዕድ ላይ እጁን አይሰድም፤ ሳይርበው ቀርቶ አይደለም። ለዚህ ነው ጭንቀትና ድብርት አብረው የሚመጡት፣ መታከምም ያለባቸው።

በዓመታት ውስጥ ሁለቱ መንገዶች ይገናኛሉ። ፒሲኤ ያለበት ሰው ኋላ ኋላ መርሳትም፣ ቃል ማጣትም ይመጣበታል። የተለመደው አልዛይመር ያለበትም እይታው ይታወካል። መነሻቸው እንጂ መድረሻቸው ብዙ አይለያይም።

እስከዚያው ግን እርዳታው ፈጽሞ አንድ አይደለም፤ አንዳንዴ ተቃራኒ ነው። ለሚረሳ ሰው ግድግዳ ላይ ማስታወሻ ትለጥፋላችሁ። ለፒሲኤ ታማሚ ያ ወረቀት ግድግዳውን ከማዝረክረክ በቀር ፋይዳ የለውም። ማስታወሱን እሱ ራሱ ያስታውሳል፤ ችግሩ ማንበቡ ነው። ለእሱ የሚናገር ሰዓት፣ በድምፅ የሚታዘዝ ስልክ፣ የሚደመጥ መጽሐፍ ነው የሚበጀው። ለማንበብ ከጓጓ ካርቶን ላይ አንድ መስመር ብቻ የምታሳይ ቀዳዳ ቆርጣችሁ ገጹ ላይ አሳርፉለት።

ዕቃ ቦታውን አይቀይር። ጠረጴዛ ላይ የሚያስፈልገው ብቻ ይቀመጥ፤ አሥር ነገር መሀል ያለ ማንኪያ የለም ማለት ነው። ነጭ ሳህን ነጭ ጨርቅ ላይ ይጠፋል። ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ብታነጥፉለት ግን ሳህኑ ብቅ ይላል። ጨርቁ አበባ ያለበት እንዳይሆን፤ አበባውን ሊያነሣ ይሞክራል። የደረጃው ጠርዝ ላይ ደማቅ ቀለም ያለው ፕላስተር ይለጠፍ። ጥቁሩ ምንጣፍ ይነሣ።

አነጋገርም ይቀየራል። «ያውልህ፣ እዚያ ነው» ማለት ለእሱ ባዶ ቃል ነው። «ከቀኝ እጅህ አጠገብ፣ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ» በሉት። አለዚያም እጁን ይዛችሁ አስነኩት፤ ቅድም እንዳየነው ጣት የነካውን ያውቃል። ስትገቡም ድምፅ አሰሙ፣ ስማችሁን ተናገሩ። ፊታችሁን ባይለይ ረስቷችሁ እንዳይመስላችሁ። «እኔ ነኝ» ስትሉት ከነታሪካችሁ ያውቃችኋል።

መኪና መንዳት ማቆም አለበት። ይህ ለድርድር የሚቀርብ አይደለም። ነጭ ዘንግ መያዝ ደግሞ ብዙዎች ያፍሩበታል፤ «ዓይነ ስውር አይደለሁማ!» ይላሉ። ዘንጉ ግን መንገድ ከማሳየቱ በላይ ለሌላው ሰው ይናገራል። ሕዝብ በሚርመሰመስበት ቦታ መንገድ ያስለቅቃል፤ ለምን ሰው እንደሚገጭ ማስረዳትንም ያስቀራል።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ «ዓይኔ ደከመ» ብቻ ብላችሁ እንዳትመለሱ። በዚህ ቃል የሚገኘው አራተኛ መነጽር ነው። የሆነውን እንደሆነ ተናገሩ፤ ወይም አብሯችሁ የሚሄደው ሰው ይናገር። ብርጭቆውን በሦስት ጣት ሳትኩት። ትልቁን ርዕስ ሳይሆን ትንሹን ጽሑፍ ነው የማነበው። እጅጌው ጠፋብኝ። ሰዓቱን አይቼ ስንት እንደሆነ አልገባኝም። ዓይን ሐኪሙ መርምሮ «ዓይንዎ ደህና ነው» ካለ እንግዲያው ጥያቄው አንድ ነው፦ «ዓይኔ ደህና ከሆነ፣ የማየው ነገር የት ጋ ነው የሚጠፋው?»